ከኪስ የወጣ

መስከረም 20

እትዬ አዋላጇ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ደህና ነኝ። የእጄ ቃጠሎም ሽሯል፤ ስለ እሱ አያስቡ።

ደብዳቤዬ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መልስ አጥቼ አይደለም። ጽፌ ቀደድኩ፤ እንደገና ጽፌ ቀደድኩ።

መጀመሪያ ቀላሉን ልመልስ። አዎ፣ ካፖርቱ አለ። በላውንደሪው ኋላ ክፍል፣ ባለቤት ያልመጣለት ልብስ ከሚንጠለጠልበት ዘንግ መጨረሻ ላይ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ክረምት በገባ ቁጥር ያወርደውና ብል እንዳይገባበት ይቦርሸው ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔ እቦርሸዋለሁ። ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው። የቀኝ እጅጌው ጠርዝ ላይ ያለው የጠመኔ ነጭ ግን ምንም ብናደርገው አልለቀቀም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው የከበደኝ። ለምክር ቤቱ ኮሚቴ በሚላከው አቤቱታ እንዲገባ የሆነውን በጽሑፍ አስፍሪልኝ ብለዋል። ለእርስዎ ነግሬዎታለሁ፤ ይቅርታም ሰጥተውኛል። ለማያውቀን ሰው ስጽፈው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

እንዲህ ነው። ወንድምዎ መምህሩ ግራጫ ካፖርታቸውን ሊታጠብ አመጡ። በእኛ ቤት ደንብ አለ፤ ከባንኮኒው በላይ በሰሌዳ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ «ከኪስ የወጣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።» ልብስ ውሃ ሳይነካው ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘው ነገር፣ የተቀደደ የአውቶቡስ ቲኬትም ቢሆን፣ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ይገባና ልብሱ ሲመለስ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። አናነብም፣ አንጨምርም፣ አንቀንስም። ከካፖርቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣሁ። ፖስታው ውስጥ ሳልከተው ሁለት የደህንነት ሰዎች ገቡ። የመምህሩን ልብስ ጠየቁኝ። ካፖርቱ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ የሚንጠባጠብ ልብስ አልፈለጉም። «ከኪሱ የወጣ ነገር አለ?» አሉኝ። ፈራሁ፤ ሰጠኋቸው። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ምን እንደሰጠሁ አላውቅም። የዚያኑ ዕለት መምህሩን ከትምህርት ቤት ወሰዷቸው።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሸሚዝ ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ። አሁን የሥራ ባልደረቦቼ «መጽሐፍ በልተሽ ትጨርሻለሽ» ይሉኛል። ማንበብ የፈለግኩት ግን አንዲት ወረቀት ብቻ ነበር። ሰው ዝም አይነቅዝም ይላል። ይነቅዛል፣ እትዬ።

ይህን እንዳለ ይጠቀሙበት።

አክባሪዎ፣
ተኳሿ


ጥቅምት 12

ለዝምተኛዋ፣

ጉልበቴን ተዪው፤ እሱ የራሱ መንግሥት አለው፤ እኔን አያማክርም። ይልቅ «ተኳሿ» ብለሽ ስትፈርሚ የሰፈራችን ፖስተኛ ጀርባውን አይቶ «እትዬ፣ ታጣቂ ዘመድ አለዎት እንዴ?» አለኝ። ካውያ ታጣቂ ናት አልኩት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤሽን በሁለት እጁ ነው የሚሰጠኝ።

አንቱታሽንም ተዪልኝ። ይቅርታ ያደረገና ይቅርታ የተደረገለት በአንድ ትራስ ይተኛል ትል ነበር እናቴ። እኔን እርስዎ ባልሽኝ ቁጥር ትራሱን የምትነጥቂኝ ይመስለኛል።

ወደ ጉዳያችን። የመዛግብቱን ሕግ ረቂቅ ልኬልሻለሁ፤ አንቺ ከእኔ የተሻለ ታነቢያለሽ። መጀመሪያው ወርቅ ነው፤ ማንኛውም የመንግሥት መዝገብ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ለሕዝብ ይከፈታል ይላል። ከዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት ጭራ ቀጥለውበታል፤ «ሆኖም መሥሪያ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ዝግ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል።» በሩን ከፍተው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ይህች ጭራ ካልተቆረጠች ሕጉ ወጣ አልወጣ ለእኔ አንድ ነው። የወንድሜን መዝገብ ስጠይቅ እግሬ ቀጠነ፤ የሚመጣልኝ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለአገር ደህንነት ሲባል።» ወንድሜ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በማካፈል የሚፈርስ አገር የትኛው ነው?

ሌላ የምመኘው ነገር የለኝም። እንደ ልጄ ያሳደግኩት ወንድሜ የት እንደተቀበረ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም። ይኸው ነው።

ስለ ኪስ የጻፍሽውን ሳነብ ግን ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ ለጉልበቴም ሳልነግረው። አቤቱታው እሱ ነው። የእኔን እንባ አትጨምሪበት፤ እንባ ለምደዋል። ደንባችሁን ጻፊላቸው።

አዋላጇ


ኅዳር 3

እትዬ አዋላጇ፣

አንቺ ማለቱን እጄ እምቢ አለኝ። ይታገሡኝ።

አቤቱታው ምን ሆነ ብለው ለጠየቁኝ፦ በተኩስ ክፍላችን ያለን ሁሉ ፈርመንበታል። አለቃችንም «እኔ በፖለቲካ አልገባም» እያለች ፈርማለች፤ ያውም ከሁላችን በላይ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ እነሆ፦

«ክቡራን የሕዝብ እንደራሴዎች፣ እኛ ልብሳችሁን የምናጥብና የምንተኩስ ነን። ከኪሳችሁ የተገኘውን የማይረባ ቁራጭ እንኳ እንመልሳለን፤ የእኛ ስላልሆነ። መንግሥትም ከእኛና ከቤተሰቦቻችን ኪስ የወሰደው ብዙ ጽሑፍ አለው። ስንት ዓመት ይቆይ በሚለው እናንተ ትነጋገራላችሁ። ለዘላለም ይቆይ የሚለው ግን መውሰድ እንጂ ማስቀመጥ አይባልም። ከረቂቁ መጨረሻ ያለችውን ዓረፍተ ነገር እንድታወጡልን እንለምናለን።»

ይዤው ምክር ቤት ሄድኩ። ከእኛ ሱቅ ሁለት መታጠፊያ ነው። መዝገብ ቤቱ ያለው ሰው ጥሩ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ተቀበለኝ፣ ማኅተም መታልኝ፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ካለ ክምር ላይ አኖረው። ክምሩ አቧራ ለብሷል። ከሥር ያሉት ከየትኛው ዘመን ናቸው ብዬ ብጠይቀው «እኔ ስቀጠርም ነበሩ» አለኝ።

ይህን ለባልደረቦቼ ስነግር ያቺ ችኩሏ፣ ስለ እሷ ጽፌልዎታለሁ፣ ካውያዋን አቆመች። የሦስት ልጆች እናት ሆና እስካሁን ደረጃ በሁለት በሁለት የምትወጣ ናት።

«የምክር ቤቱ ሰው ሁሉ ልብስ እኮ እዚሁ ነው የሚመጣው» አለች። «ክምሩ ምን ያደርግልናል? ኪሳቸው ውስጥ እንክተትላቸው።»

«አንጨምርም» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ደንብ ደንብ እንዳልሽ ትሞቻለሽ።»

«ስሞት ኪሴን ፈትሹ።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። የተወችው መሰለኝ።

አክባሪዎ፣
ተኳሿ


ኅዳር 24

እትዬ፣

ይህችን በችኮላ ነው የምጽፍልዎ፤ ሊቆጡኝም ሊስቁብኝም ይችላሉ።

አልተወችውም። እኔ ምሳ ስወጣ ግልባጩን የኮሚቴው ሰብሳቢ ኮት ላይ አያይዛዋለች። ኪስ ውስጥ ብትከተው እንኳ በተሻለ። እሷ የከተተችው ደረቱ ላይ በሚንጠለጠለው ፖስታ ነው። ፖስታው ላይ ደግሞ ምን ተብሎ እንደታተመ ያውቃሉ፤ «ከኪስዎ የተገኘ።»

ዛሬ ጠዋት ሹፌራቸው ደብዳቤ ይዞ መጣ። አለቃችን ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ይህን አቤቱታ አንድ ቀን ተቀብዬ በኪሴ ይዤው ዞሬያለሁ ማለት ነው። እናንተ ባትመልሱልኝ ኖሮ ከእነ አቤቱታው ኮቴን አሳጥበው ነበር። አፍሬያለሁ። ረቂቁ በሚታይበት ስብሰባ አንዳችሁ ቀርባችሁ አስረዱ፤ በአጀንዳ ተይዟል።»

ቤቱ እልል አለ። ችኩሏ ከእንፋሎቱ በስተጀርባ ተደብቃ ነበር፤ ስትወጣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። እንድቀርብ የመረጡት እኔን ነው።

የጨነቀኝን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሰውየው ያልነበረበትን ጥፋት ተሸክሞ ነው በሩን የከፈተልን። እኔ በዚህ ቤት ከኪስ ጋር የሠራሁት ስህተት አንድ ይበቃኛል። ያኔ የሰው የሆነውን ለማይገባው ሰጠሁ፤ አሁን ደግሞ የእሱ ያልሆነውን የአንተ ነው ብዬ ልስጠው? እውነቱን ብናገርስ አቤቱታችንን ይወረውሩት ይሆን?

ምን ይላሉ?

ተኳሿ


ታኅሣሥ 1

ለዝምተኛዋ፣

ዝም በይ።

ይህን ቃል ላንቺ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ዝም በይ። አንድ ጊዜ እንኳ ዝምታሽ ይጥቀመን። ሰውየው ቢያፍር ምን ይሆናል? እነሱ አፍረው አያውቁም፤ ትንሽ ይልመዱት። አንቺ የምትናገሪው እውነት የእሱን ኮት ነው የሚያነጻው፤ እኔ የምፈልገው እውነት መሬት ውስጥ ነው። ሁለቱን አታወዳድሪብኝ።

የሰው ልጅ ሲወለድ ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ «ቆይ፣ በሌላ በኩል እንሞክር» አይባልም። ጭንቅላቱ ወጥቷል። እባክሽ።

አዋላጇ


ታኅሣሥ 16

እትዬ አዋላጇ፣

በስልክ የላኩልኝን አየሁት። «ምን አደረግሽ?» የምትል ብቻ ናት፤ ግን ድምፅዎ ተሰማኝ። ሬዲዮው የተናገረው እውነት ነው። ተናግሬያለሁ። የለመኑኝን አልፈጸምኩምና አስቀድሜ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ። አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ፤ ከዚያ ይፍረዱብኝ።

አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ቀይ መብራት ያለበት ማይክራፎን። ፊታቸውን ለማየት ስፈራ አንገትጌያቸውን አየሁ። አንገትጌዎቹን አወቅኋቸው። ግማሾቹን የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ትንፋሼ ተመለሰ።

ሰብሳቢው ሲከፍቱ ስለ ኪሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። «አቤቱታው ኪሴ ውስጥ ከርሟል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ማይክራፎኑ ወደ እኔ ሲዞር መብራቱ በራ። የጻፍኩትን አጥፌ አስቀመጥኩት።

«ክቡር ሰብሳቢ» አልኩ፣ «ከኪስዎ አልወጣም። እኛ ነን የጨመርነው። ደንባችንን ሰብረናል።»

አንድ ወፍራም ድምፅ ያላቸው እንደራሴ «እንግዲያው በማታለል የገባ ነውና ከአጀንዳ ይውጣ» አሉ። የእርስዎ ፊት መጣብኝ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ በእውነት ኪሴ ውስጥ ምን ነበር?»

«እሱን እዚህ አልናገርም።»

«ለምን?»

«ለባለቤቱ ብቻ ነው የምንናገረው። ሌላው ሰው ከወጣ ይጠይቁኝ፤ እነግርዎታለሁ።»

ሳቅ ሆነ። እኔ ለማሳቅ አልነበረም፣ እትዬ፤ ደንቡ ነው። እሳቸው አልሳቁም። «እርስዎ ምስጢር ይጠብቃሉ ማለት ነው። እኛም እኮ እንጠብቅ ነው የምንለው» አሉኝ።

ያን ጊዜ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ምስጢር የሚጠበቀው ለባለቤቱ ነው እንጂ ከባለቤቱ አይደለም» አልኩ። «የአንዲት አሮጊት ወንድም ተወስዶ ቀርቷል። ወረቀቱ የእሷ ነው። ስትጠይቅ፣ ማወቅሽ ለአገር አይበጅም ይሏታል። እኔ የእርስዎን ኪስ ለእርስዎ ልከልክል ብል ዛሬውኑ ከሥራ እባረራለሁ።»

ወፍራሙ ድምፅ እንደገና ይውጣልኝ አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ ይህን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፣ «አቤቱታው ኪሴ ውስጥ አልነበረም። መኖር ግን ነበረበት። አጀንዳው ይቀጥላል» አሉ።

ጭራዋ ትቆረጥ አትቆረጥ የሚታወቀው ጥር ላይ ሁሉም ድምፅ ሲሰጡ ነው። ስወጣ መተላለፊያው ላይ ደረሱብኝና ዝቅ ብለው «ምን ነበር ኪሴ ውስጥ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ለእርስዎም ቢሆን አልጽፈውም።

ተቀይመውኝ እንደሆነ ቅያሜዎን ይጻፉልኝ። ዝም አይበሉኝ ብቻ።

ተኳሿ


ጥር 19

ለዝምተኛዋ፣ ከእንግዲህ ይህ ስም ላይሠራ ነው መሰለኝ፣

ዝም ያልኩት ተቀይሜ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሳምንታት ሙሉ በልቤ ስሰድብሽ ነው የከረምኩት። ስድቤ ሲያልቅብኝ ጎረቤት ሄጄ ተበደርኩ።

ትናንት ጎረቤታችን ምጥ ያዛትና ጡረተኛዋን ጠሩኝ። ሬዲዮዬን ይዤ ሄድኩ፤ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነው፣ ምን ላድርግ። እሷ ታምጣለች፣ እዚያ ውስጥ ይከራከራሉ። አንዱ ተነስቶ ጭራዋ ትኑር አለ፤ እኔ «አይዞሽ፣ ግፊ» አልኳት። ሌላው ተነስቶ ትውጣ አለ፤ «ግፊ» አልኳት። ልጅቷ መጨረሻ ላይ «እትዬ፣ የሚያዋልዱት እኔን ነው ወይስ ሬዲዮውን?» አለችኝ።

ሁለቱንም። ጭራዋ ወጣች። በሰፊ አብላጫ ድምፅ። ወፍራም ድምፅ ያልሽው ሰውዬ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ ተባለ። ሕፃኑ ወንድ ነው፤ ሲጮህ የምክር ቤቱን ጭብጨባ ዋጠው።

ሰብሳቢሽ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ምስጢር የሚጠበቀው ለባለቤቱ ነው» አሉ፣ «ይህን ያስተማረችን ልብሳችንን የምትተኩስ ሴት ናት።» ሬዲዮውን አቀፍኩት። ተሳስቼ ነበር። እውነት ብትናገሪ በሩ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ፤ የተከፈተው በዚያው ነው። እኔ ይቅርታ ማድረግ እንጂ መጠየቅ አልለመድኩምና አጭር ይሁንልኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ሥራ አለሽ። የመዝገቡ ግልባጭ በፖስታ ይላክልኛል። የወንድሜ የግል ንብረት ካለ ግን በአካል ነው የሚሰጡት፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ጉልበት አልመጣም። ውክልናውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

አዋላጇ


መጋቢት 8

እትዬ አዋላጇ፣

ደርሰሻል ወይ ላሉኝ፦ ደርሻለሁ፤ ተቀብያለሁ። ካፖርቱም ትናንት በአውቶቡስ ጭነት ተልኳል። ሲደርስዎ ሳጥኑን በቢላ አይክፈቱት፤ ልብሱ ላይኛው ላይ ነው።

ቤተ መዛግብቱ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ቢያዩ። ደረጃውን ወርዶ መንገድ ይዟል። ዣንጥላ የያዘ፣ ፎቶ ግራፍ የያዘ፣ ባዶ እጁን የቆመ። ማንም ማንንም አልገፋም። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ «ያባቴን ነው» ይሉኛል፤ ከኋላዬ ያለችው «ያያቴን» ትላለች። ጸሐፊዋ ስም በጠራች ቁጥር ሰልፉ ሁሉ እንደ ራሱ ደስታ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ፊት አጨብጭቤ አላውቅም ነበር።

የሰጡኝ አንዲት የታሸገች ፖስታ ናት። ጸሐፊዋ «ውክልና አለዎት፤ ከፍተው ማየት ይችላሉ» አለችኝ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እጄን ጫንኩባት። ወረቀቷ መሆኗን በእጥፋቷ አወቅኳት። እንግዲህ ያውቃሉ፣ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህች ብቻ ነው።

አልከፈትኳትም። ከኪስ የወጣ አይነበብም። ሱቅ ወስጄ በእኛው ትንሽ ፖስታ አደረግኳትና ካፖርቱ ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኳት። ሁላችንም ቆመን አየናት። አለቃችን ከዘንጉ ላይ የድሮዋን ቁጥር በጥሳ «ባለቤት ተገኝቷል» አለች። ችኩሏ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

አክባሪዎ፣
ተኳሿ


መጋቢት 25

ለማትከፍተዋ፣

ደረሰ። የጠመኔውን ነጭ በጣቴ ዳሰስኩት። ሰፈሩን አስለቅሼ አሁን ነው እስክሪብቶ የያዝኩት።

መዝገቡም ደርሶኛል፤ የተቀበረበትን ቦታ አገኘነው። ከአሮጌው እስር ቤት ጀርባ፣ ከውሃ ማማው ሥር ነው፤ ካርታ አለው። የሌሎችም ሰዎች ልጆች አብረውት አሉ። ለእነሱም ቤተሰብ እየጻፍኩ ነው።

ወረቀቷን ከፈትኳት። በእሱ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ትላለች፦ «የሁለተኛ ክፍል መስኮት። መስታወት።» ከዚያ ቁመት፣ ስፋት። ሌላ የለም። ኅዳጓ ላይ የሆነ ሰው በቀይ «ቁጥሮቹ ምስጢራዊ መልእክት ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ጽፎባታል። ይኸው ነው የአገር ደህንነቱ። የተሰበረ መስታወት ሊያስገባ ልክ ወስዶ ነበር ልጄ።

አንቺን የሚመለከተውም አለ። የእስር ትእዛዙ የተፈረመው ሰኞ ነው። ሰዎቹ ወደ አንቺ የመጡት ሐሙስ። አንቺ ከመፍራትሽ በፊት ነገሩ አልቆ ነበር። ስለዚህ አውርጂው፤ በቃሽ።

አዋላጇ


ሚያዝያ 2

ለእህቴ፣

ያለፈውን ደብዳቤ ከላክሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ግማሹን ነግሬሽ ግማሹን አስቀርቻለሁ። ለራሷ ሲባል ነው አልኩ። ከዚያ ቃሉን ሰማሁት፤ «ሲባል»። እነሱም የሚጀምሩት እንዲህ ብለው ነው።

እንግዲህ ሌላው ግማሽ ይኸውልሽ፤ ግልባጩንም አያይዣለሁ። ስለ ቁጥሮቹ ደጋግመው መርምረውታል። በእያንዳንዱ የምርመራ ወረቀት ላይ መልሱ አንድ ነው፤ «የመስኮት ልክ ነው።» አላመኑትም። ያቺ ወረቀት እጃቸው ባትገባ በሌላ ነገር ይጠይቁት ነበር፣ ወይም ቀለል ይልለት ነበር፤ አላውቅም። መዝገቡም አይናገርም። የማውቀው ሁሉ አሁን እጅሽ ላይ ነው።

ቢከብድሽ ስደቢኝ፤ ስድብ ካለቀብሽ የት እንደሚበደሩ አውቃለሁ። ግን ወረቀቱ ያንቺም ነው።

እህትሽ


ግንቦት 5

እህት ዓለም፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ በእውነት ደህና ነኝ። እንዴት ቻልሽው ላልሽኝ መልሱ ይኸው ነው።

የላክሽልኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፤ ጣቴን ከሥሩ ሳላስኬድ። «የመስኮት ልክ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ እየቆምኩ። ግማሹ ቀለለኝ፤ ግማሹ ከበደኝ። ድሮ ግን የምሸከመው ጨለማ ነበር፤ መጠኑን አላውቀውም። አሁን ልኩን አውቀዋለሁ። ልኩ የታወቀ ሸክም ይያዛል፣ እህቴ። ግማሹን ብቻ ብትሰጪኝ ኖሮ እስክሞት አላምንሽም ነበር።

ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዳይሬክተሯን የሁለተኛ ክፍል መስኮት የቱ ነው አልኳት። ወሰደችኝ። ሌሎቹ ሁሉ መስታወት አላቸው፤ አንዱ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» አለችኝ። ልጆቹ በዚያ በኩል መብራት አብርተው ነው የሚማሩት።

መስታወት ቆራጩ ጋ ሄጄ ቁመትና ስፋቱን ነገርኩት።

«ማን ለካው?» አለኝ።

«የሒሳብ መምህር።»

«ልኩን ከየት አመጣሽው?»

«ከኪስ።»

ዛሬ ጠዋት ሊገጥም ስንሄድ የተኩስ ክፍሉ ሁሉ ተከትሎን መጣ፤ አለቃችን ሱቁን ዘጋች፣ እሷ «በፖለቲካ አልገባም» የምትለዋ። ሰብሳቢው ምናልባት ሰምተው ይሆናል፣ እሳቸውም በር ላይ ቆመው ነበር፤ ኮታቸው በእኛ የተተኮሰ ነው። ቆራጩ ቆርቆሮውን ነቀለው። ብርሃኑ ገብቶ ሰሌዳው ላይ ወደቀ። ከዚያ መስታወቱን አንስቶ ሲያስጠጋው በጣት ጥፍር ያህል አልገባ አለ። እንጨቱ በስንት ክረምት ዝናብ አብጧል።

«ከጠርዙ ትንሽ ልቁረጥለት» አለና መቁረጫውን አወጣ።

እኔ ጮክ ብዬ የማልናገር ሰው ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ልኩን አትንካ» አልኩት። «ልኩ ትክክል ነው። እንጨቱን ላገው።»

ላገው። መስታወቱ ገባ።

እህትሽ፣
ተኳሿ